በማን ክንድ? አንድ ቀሚስ በሦስት ቀለም የታተመበት ካታሎግ

«ይህ ቀሚስ የትኛው ነው?» አሉኝ እትዬ፣ ቀለሙ ገና ያልደረቀውን ሉህ ሦስት ቦታ ላይ በጣታቸው እየጠቆሙ።

ገጽ 6 ላይ ጥለቱ እንደ አዲስ በርበሬ ቀልቷል። አጠገቡ ገጽ 11 ላይ ያው ጥለት የደረቀ ደም መስሏል። ከገጽ 11 ራስጌ ተዘቅዝቆ በተቀመጠው ገጽ 14 ላይ ደግሞ ሃያ ጊዜ ታጥቦ ፀሐይ ላይ የተሰጣ ይመስል ገርጥቷል። ሦስቱም አንድ ቀሚስ ናቸው፤ አንድ ሸማኔ የሠራው፣ አንዲት ልጅ የለበሰችው፣ ጳጉሜ ውስጥ በአንድ ከሰዓት በኋላ በአንድ ካሜራ የተነሣ።

የማሽኑ ኀላፊ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ሉሁን ወደ መስኮቱ አስጠጉና አጉሊ መነጽራቸውን በገጽ 6 እና በገጽ 11 ላይ አፈራርቀው አሳረፉ። «ልጄ፣ እነዚህ ገጾች የወጡት በአንድ ፕሌት፣ በአንድ ቀለም፣ በአንድ ዙር ነው። ማሽን ለአንዱ አድልቶ ሌላውን አይነፍግም። እኛ ያመጣህልንን ነው ያተምነው።»

መልስ አልነበረኝም። ገጾቹን ያቀናበርኩት እኔ ነኝ።

ሥራው ባለ 96 ገጽ የሐበሻ ልብስ ካታሎግ ነበር፤ 2,000 ቅጂ፣ በ150 ግራም አርት ፔፐር በሚባለው አንጸባራቂ ወረቀት፣ በኦፍሴት። እትዬ ሽሮ ሜዳ ሱቅ አላቸው። ገዢዎቻቸው ግን ግማሽ ያህሉ ዋሽንግተንና ለንደን አካባቢ ነው የሚኖሩት። እነዚህ ሰዎች ጨርቁን በእጃቸው ዳስሰው፣ በር ላይ አውጥተው በፀሐይ አይተው አይገዙም፤ ገጽ ቁጥር ጠቅሰው ያዝዛሉ። ለሠርግ አምስት ሚዜ የሚያለብስ ሰው ቀይ ብሎ ያዘዘው ቡናማ ሆኖ ከደረሰው ልብሱ ተመልሶ ይመጣል፤ የማጓጓዣውም ኪሳራ የሱቁ ነው። ስለዚህ በዚህ ካታሎግ ላይ ቀለም ጌጥ አልነበረም። ዕቃው ራሱ ነበር።

በአንድ ትልቅ ሉህ ላይ 16 ገጽ ይወጣል፤ በአንዱ ፊት ስምንት፣ በሌላው ስምንት። መጽሐፉ ስድስት ሉህ ነው ማለት ነው፤ ለእያንዳንዱ ሉህ ደግሞ ስምንት ፕሌት፣ ይኸውም ምስሉን ለማሽኑ የሚይዝ ሰሌዳ፣ ያስፈልጋል፤ በየፊቱ ለአራቱ ቀለም አራት። እትዬ ሊጎበኙ በመጡ ዕለት የመጀመሪያው ሉህ አንድ ፊቱ አልቆ ሁለተኛው ፊት 300 ገደማ ላይ ደርሶ ነበር። ሉህ ሲታጠፍ ገጾቹ በየቦታቸው እንዲውሉ ሲታተሙ ተዘበራርቀው ነው የሚቀመጡት። በመጽሐፉ ውስጥ ቅጠል የሚለያያቸው ገጽ 6፣ 11 እና 14 በሉሁ ላይ ጎረቤት ይሆናሉ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስክሪን ላይ አፍጥጬ ያላየሁትን ስሕተት የሉሁ አደራደር በአንድ አፍታ አጋለጠው።

በእርግጥ ማሽንም ይበድላል። በሉሁ ስፋት ላይ አንዱን ጎን ቀለም ሊያበዛበት ሌላውን ሊያሳሳበት ይችላል። ያ ሲሆን ግን በሉሁ ጠርዝ ላይ በተዘረጋው የመቆጣጠሪያ ሰረዝ ላይ ይታያል። የዚህኛው ሰረዝ ከዳር እስከ ዳር እኩል ነበር። ጋሼ እውነታቸውን ነው።

ሦስቱ ፎቶዎች እንዴት እንደገቡ

ማታ ቤቴ ገብቼ ፋይሎቹን አንድ በአንድ ከፈትኩ። የገጽ 6 ፎቶ ፎቶግራፍ አንሺው በፍላሽ ከሰጠኝ ውስጥ ነው። አዶቤ አርጂቢ በሚባል የቀለም ልኬት የተዘጋጀ ሲሆን፣ የልኬቱን ስም የሚናገረው መለያ፣ ፕሮፋይሉም፣ ከፋይሉ ጋር ተያይዟል። የገጽ 11 ፎቶ ያው ፎቶ ነው፤ ነገር ግን የእትዬ የወንድም ልጅ ለማኅበራዊ ገጻቸው ብሎ ዳራውን ነጭ ሲያደርግለት፣ ሲያስቀምጠው ፕሮፋይሉን ጥሎታል። መጠኑም ጥራቱም እንዳለ ነው፤ ስሙ ብቻ ጠፍቷል። የገጽ 14 ፎቶ ደግሞ ለመስቀል በጋዜጣ ከወጣ ማስታወቂያ የተወሰደ ነው። ሌላ ባለሙያ ለጋዜጣ ወረቀት አስልቶ ወደ ሲኤምዋይኬ፣ ማለትም ማተሚያ ወደሚጠቀምባቸው አራት ቀለሞች (ሲያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫ፣ ጥቁር)፣ ቀይሮታል። ፕሮፋይሉም አብሮት አለ፤ የጋዜጣ መሆኑን በግልጽ ይናገራል።

ፕሮፋይል ምን እንደሆነ ለእትዬ ማስረዳት ነበረብኝና ያዋጣኝ የራሳቸው ንግድ ነው። ድሮ ሸማ በክንድ ሲለካ «አሥር ክንድ» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ በማን ክንድ? ብልህ ገዢ ቁመተ ረጅም ዘመዱን ይዞ ገበያ ቢወጣ አይፈረድበትም። ኮምፒውተር ውስጥ ያለ ፎቶም የቁጥር ክምር ነው። ለእያንዳንዱ ነጥብ ቀይ ይህን ያህል፣ አረንጓዴ ይህን ያህል፣ ሰማያዊ ይህን ያህል ይላል። በማን ክንድ እንደተለካ የሚናገረው ፕሮፋይሉ ነው።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በ1996 እ.ኤ.አ. ኤችፒና ማይክሮሶፍት ያቀረቡት ኤስአርጂቢ የሚባለው ልኬት ለተራ ስክሪን የተሰፋ ነው። በ1998 የመጣው አዶቤ አርጂቢ ክንዱ ረዘም ያለ ነው፤ በተለይ አረንጓዴንና ውኃ ሰማያዊን አልፎ ይይዛል። በኤስአርጂቢ 255፣ 0፣ 0 ተብሎ የሚጻፈው ድፍን ቀይ፣ ያው ቀይ፣ በአዶቤ አርጂቢ 219፣ 0፣ 0 ተብሎ ይጻፋል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። አሁን ከሁለተኛው ላይ ስሙን ቅደዱና ቁጥሩን ብቻ ገጾቹን ላቀናበርኩበት ፕሮግራም፣ ለኢንዲዛይን፣ ስጡት። ስም የሌለውን አርጂቢ ሁሉ በሰነዱ ልኬት፣ ማለትም በኤስአርጂቢ ያነበዋል። በዚያ ልኬት 219 የጠቆረ ቀይ ነው። የገጽ 11 የደረቀ ደም እንዲህ ተወለደ።

የገጽ 14 ነገር የባሰ ነው፤ እዚያ ፋይሉ ማንነቱን ተናግሮ ሳለ የሚሰማው አጣ። የጋዜጣ ወረቀት ቀለም ይመጠምጣል። 50 በመቶ ተብሎ የተቀመጠ የቀለም ነጥብ ተስፋፍቶ 76 በመቶ ገደማ ይመስላል። ስለዚህ ለጋዜጣ የሚያዘጋጅ ባለሙያ አስቀድሞ ነጥቡን ያሳንሰዋል፤ በጥቁሩ ቦታ ላይም የአራቱ ቀለሞች ድምር ከ240 በመቶ እንዳያልፍ ይገድበዋል። በአርት ፔፐር ላይ ግን የ50 ነጥብ ወደ 63 ገደማ ብቻ ነው የሚሰፋው። ለሚመጠምጥ ወረቀት ተቀንሶ የተሰጠ ቀለም በማይመጠምጥ ወረቀት ላይ ሲያርፍ ይገረጣል፤ ጥላውም ግራጫ ይሆናል። ወጥ ሲቀቀል ውኃው ይተናል ተብሎ ጨው የተቀነሰበትን፣ ውኃው ሳይተን እንደማቅረብ ነው።

ታዲያ ፋይሉ የጋዜጣ ነኝ ካለ ኢንዲዛይን ለምን አላስተካከለውም? እኔ በተጠቀምኩበት የቀለም አያያዝ ደንብ ለሲኤምዋይኬ ምስል «ቁጥሩን ጠብቅ፣ የተያያዘውን ፕሮፋይል እርሳ» የሚለው ስለተመረጠ ነው። ፕሮግራሙ ሲጫን ይዞት የሚመጣው ምርጫ ይህ ነው። ደንቡ ከንቱ አይደለም፤ ንጹሕ ጥቁር የሆነ ሎጎ ወደ አራት ቀለም እንዳይበተን ይከላከላል። ለፎቶ ግን ጆሮን መድፈን ነው።

ያናደደኝ ሌላ ነገር ነው። ሰነድ ስትከፍቱ ፕሮፋይሉ ካልተስማማ ፕሮግራሙ ይጠይቃል። ምስል ስታስገቡ ግን ትንፍሽ አይልም። ገምቶ ያስገባና ይቀጥላል። ኢምፖርት ኦፕሽንስ የሚለውን ሳጥን ራሳችሁ ምልክት አድርጋችሁ ካልከፈታችሁ፣ ወይም ሊንክስ በሚለው ፓኔል ላይ የፕሮፋይሉን መስመር ካላያችሁ በቀር ምን እንደተደረገ የሚነግራችሁ የለም። የቀለም ስሕተት ማሽን ላይ ይታያል እንጂ ማሽን ላይ አይፈጠርም፤ በዚህ ሥራ የተፈጠረው ምስሉ ገጹ ላይ ባረፈባት ቅጽበት ነው።

ለምን አላየሁትም

እዚህ ላይ ራሴን ብከላከል ደስ ባለኝ። ስክሪኑ አልዋሸኝም። ኢንዲዛይን ውስጥ ገጽ 11 ጠቁሮ፣ ገጽ 14 ገርጥቶ ይታይ ነበር። ግን ሁለቱንም በፎቶ ማስተካከያው ፕሮግራም፣ በፎቶሾፕ፣ ስከፍታቸው ያማሩ ነበሩ። ፎቶሾፔ ስም የሌለውን አርጂቢ በአዶቤ አርጂቢ እንዲያነብ ከዓመታት በፊት አስተካክዬው ረስቼዋለሁ፤ የተያያዘ ፕሮፋይል ካገኘም ያከብራል። ኢንዲዛይን ደግሞ ከተጫነ ጀምሮ አልነካሁትም። ሁለቱ ፕሮግራሞች በአንድ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጠው ሁለት ዓይነት ክንድ ይለካሉ። እኔም «ኢንዲዛይን ለማቀናበሪያ ያህል የሚያሳየው ድምቀት የሌለው ነው፤ ሲታተም ይወጣል» ብዬ ራሴን አሳምኜ አለፍኩ። በዚህ ሙያ ውስጥ «ሲታተም ይወጣል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ያልተናገረ የለም፤ እስካሁን ሲወጣ ያየሁት ግን ኪሳራ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ጥፋቴ ማተሚያ ቤቱን አለመጠየቄ ነው። ሰነዴ ሲኤምዋይኬን የሚተረጉመው ስዎፕ በሚባለው በአሜሪካ የመጽሔት ማሽን ልኬት ነበር። ፕሌት የሚያወጣውን ልጅ በማግስቱ ስጠይቀው «እኛ የምንጠጋው ፎግራ 39ን ነው» አለኝ። በጀርመን የኅትመት ምርምር ተቋም መለኪያ የተሰየመ፣ ለአንጸባራቂ ወረቀት የወጣ ልኬት ነው። ጥያቄው ግማሽ ደቂቃ ፈጀ። ከሦስት ሳምንት በፊት ብጠይቀውም ግማሽ ደቂቃ ነበር።

ጋሼ ሳሰናበታቸው አንድ ነገር ጨመሩ። «ጽሑፉም ጥላ አለው፤ እየው።» መነጽሩን ተቀብዬ አየሁ። በ8 ነጥብ የተጻፈው መግለጫ ላይ የ«ጯ» እና የ«ሿ» ቀጫጭን እግሮች ዳር ዳራቸውን ሐምራዊና ቢጫ ክር ለብሰዋል። ምክንያቱን ለማግኘት ጊዜ አልወሰደብኝም። ጽሑፉን ወርድ ላይ የጻፈችው የሱቁ ሠራተኛ ጥቁር ቀለምን በእጇ መርጣለች፤ ጽሑፉ ወደ ኢንዲዛይን ሲገባም ጥቁሩ «ወርድ አር0 ጂ0 ቢ0» የሚል ስም ይዞ በቀለሞቹ ዝርዝር ውስጥ ተሰልፏል። ይህ ለዓይን ጥቁር ነው። ወደ ስዎፕ ሲተረጎም ግን ሲያን 75፣ ማጀንታ 68፣ ቢጫ 67፣ ጥቁር 90 ይሆናል፤ ድምሩ 300 በመቶ። አራት ፕሌት በአንዲት ፊደል ላይ በትክክል ይግጠም ማለት ነው። ከፀጉር ያነሰ መንሸራተት የኢትዮጵያን ፊደል ቅጥያ ያደበዝዘዋል። ያን ቀለም ሰርዤ በፕሮግራሙ ንጹሕ ጥቁር ተካሁት፤ የጽሑፉ ጉዳይ በዚሁ አለቀ።

ማስተካከሉ

የፎቶው ጉዳይ ግን አራት ቀን ፈጀ። መጀመሪያ የቀለም ደንቡን አስተካከልኩ፤ ለአርጂቢም ለሲኤምዋይኬም የተያያዘውን ፕሮፋይል አክብር፣ የሰነዱ ሲኤምዋይኬ ፎግራ 39 ይሁን አልኩ። ምንም አልተለወጠም። አንድ ሰዓት ከተወዛገብኩ በኋላ ነው የተረዳሁት፦ ሰነድ በተፈጠረበት ቀን የነበረውን ደንብ ይዞ ይኖራል፤ አዲሱ ደንብ የሚገዛው ከዚያ ወዲያ የሚፈጠሩትን ነው። አዲስ ሰነድ ከፍቼ ገጾቹን ወደዚያ አዛወርኩ፤ ምስሎቹንም እንደገና አስገባሁ።

ከዚያ ቆጠራ። በካታሎጉ ውስጥ 214 ምስሎች ነበሩ። 163ቱ ፕሮፋይል አላቸው፤ እነዚህን አልነካሁም። 38ቱ ስም የለሽ ናቸው። 13ቱ የጋዜጣ ናቸው።

ከ38ቱ ውስጥ ለ31ዱ ፍላሹ ላይ ዋናውን አገኘሁና ተካሁ። ዳራቸውንም ራሴ እንደገና ነጭ አደረግሁ፤ ከሁሉ አሰልቺው ይህ ነበር። ሰባቱ ዋና የላቸውም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት መንታ መንገድ አለ። ፎቶሾፕ ውስጥ ፕሮፋይል መሰየምና ወደ ፕሮፋይል መቀየር ሁለት የተለያዩ ትእዛዞች ናቸው። ስትሰይሙ ቁጥሩ ባለበት ይቆያል፣ መልኩ ይለወጣል፤ «ይህ የተለካው በረጅሙ ሰውዬ ክንድ ነው» ብሎ መመስከር ነው። ስትቀይሩ ደግሞ መልኩ ባለበት ይቆያል፣ ቁጥሩ ይለወጣል፤ ያንኑ ጨርቅ በሌላ ሰው ክንድ እንደገና መለካት ነው። ስም ለጠፋበት ፎቶ የሚያስፈልገው ምስክርነት ነው። መቀየር ብትጀምሩ ስሕተቱን በትክክል ተርጉማችሁ ታጸኑታላችሁ። ሰባቱን አንድ ጊዜ ኤስአርጂቢ፣ አንድ ጊዜ አዶቤ አርጂቢ እያልኩ ሰይሜ ከእውነተኛው ጨርቅ ጋር አስተያየሁ። አምስቱ አዶቤ አርጂቢ ነበሩ። ሁለቱ በስልክ የተነሡ ስለነበሩ ኤስአርጂቢ ሲባሉ ነው ያረፉት።

ጨርቁን ከስክሪን ጋር ማስተያየት ሲባል እንዲሁ አይደለም። ቢሮዬ ያለው አምፖል ነጩን ነጠላ ቅቤ ያስመስለዋል። ስለዚህ መብራቱን አጥፍቼ፣ መስኮት አጠገብ፣ ረፋድ ላይ ብቻ ሠራሁ። የኅትመት ባለሙያዎች ቀለም የሚያዩበት የተደነገገ ብርሃን አላቸው፤ 5,000 ኬልቪን የሚባለው። እኔ ያለኝ የሽሮ ሜዳ ሰማይ ነበር። ደግነቱ ኅዳር ደመና አይበዛበትም።

ከ13ቱ የጋዜጣ ፎቶዎች 11ዱን በዋናዎቹ ተካሁ። ሁለቱ የቀሯቸው ሲኤምዋይኬ ብቻ ነው። እነዚህን ከጋዜጣው ፕሮፋይል ወደ ፎግራ 39 ቀየርኳቸው፤ እዚህ ላይ ትክክለኛው ትእዛዝ መቀየር ነው፤ ስማቸው ይታወቃልና። ግርጣታቸው ጠፋ። ለጋዜጣ ሲሰላ የተቆረጠው ድምቀት ግን አልተመለሰም፤ የተጨመቀ ሎሚ ውኃ ቢጨመርበት መጠኑ እንጂ ኮምጣጣነቱ አይመለስም። አሳንሼ ገጽ ጥግ ላይ አኖርኳቸው።

ምስሎቹን ሁሉ አስቀድሞ ወደ ሲኤምዋይኬ ቀይሮ ማስገባት ነው ደኅናው የሚሉ ብዙ ናቸው። ማተሚያ ቤቶችም ይህንኑ ይጠይቃሉ፤ ያልተቀየረ አርጂቢ ሾልኮ ሲመጣባቸው ስላዩ አልፈርድባቸውም። እኔ ግን ተቃራኒውን መርጫለሁ። ፎቶው ስሙን እንደያዘ በአርጂቢ ይግባ፤ ወደ ሲኤምዋይኬ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በመጨረሻው በር ላይ፣ ፒዲኤፍ ሲወጣ ይቀየር። ወረቀቱ ቢለወጥ፣ ማተሚያ ቤቱ ቢለወጥ፣ የምለውጠው አንድ መስመር ነው። የገጽ 14 መከራ የመጣው አንድ ሰው ቸኩሎ ለአንድ ወረቀት በመቀየሩ ነው። ፋይሉን አርጂቢ በማይቀበለው የኅትመት ፋይል ዓይነት፣ በፒዲኤፍ ኤክስ 1ኤ፣ አወጣሁት፤ የእነሱ ፕሌት ማውጫ አሮጌ ስለሆነ አርጂቢን ከነስሙ የሚቀበለውን ኤክስ 4ን አልደፈርኩም። መድረሻው ፎግራ 39፣ የሰነዱ የራሱ ሲኤምዋይኬ ቁጥሮች ባሉበት ይጠበቁ። ከዚያ አራቱን ቀለሞች ለየብቻ በሚያሳየው ሴፓሬሽንስ ላይ ጥቁሩን ብቻ ሳጠፋው ጽሑፉ ሁሉ ድራሹ ጠፋ። ያን ጊዜ ነው ትንፋሼ የመለሰው።

የሁለት ሉህ ፕሌት፣ 16 ፕሌት፣ ወጥቶ ነበር፤ ሁሉም ተጣለ። የፕሌቱንም የባከነውንም ወረቀት ዋጋ እኔ ከፈልኩ። ጋሼ የማሽኑን ሰዓት አላስከፈሉኝም።

አረንጓዴው

አንድ ነገር ግን ሊስተካከል አልቻለም። ገጽ 43 ላይ ያለው ቀሚስ ጥለቱ የሚያበራ አረንጓዴ ክር አለው፤ ዝናብ እንደጠገበ የሐምሌ ሣር። ፎቶው ጤነኛ ነው፤ ስሙም አብሮት አለ፤ ካሜራውም ቀለሙን ይዞታል። በኅትመት አረንጓዴ የሚገኘው ሲያንና ቢጫ ተደራርበው ነው፤ ሁለቱም 100 በመቶ ቢደረጉ እንኳ እዚያ ክር ላይ አይደርሱም። ስክሪኑ ላይ የኅትመቱን መልክ የሚያሳየውን ፕሩፍ ከለርስ ስከፍት ሣሩ ኅዳር መጨረሻ ላይ እንዳለ ሣር ደበዘዘ። ሁለቱን የአተረጓጎም ስልቶች ሞከርኩ። አንደኛው ከአቅም በላይ የሆነውን ቀለም ብቻ ወደ ጠርዝ ይገፋል፤ ክሩ ዝርዝሩን አጥቶ ድፍን ሆነ። ሌላኛው ቀለማትን ሁሉ በመጠኑ ሰብስቦ እርስ በርስ ያላቸውን ርቀት ይጠብቃል፤ ክሩ ደብዘዝ ቢልም ሽመናው ታየ። ሁለተኛውን ለዚያ ምስል ብቻ መረጥኩ። አምስተኛ ቀለም ለብቻው አቅርቦ ማተምም ይቻል ነበር፤ ለአንድ ጥለት ተጨማሪ ፕሌትና ተጨማሪ ዙር መክፈልን እትዬ አልተቀበሉትም፤ እኔም አልገፋሁም።

ስድስቱ ሉሆች ታትመው ሲያልቁ እትዬ ቀሚሱን በክንዳቸው አንጠልጥለው መጡ። ሉሁን በር ላይ አስወጡን። ቀሚሱን ገጽ 6 ላይ አነጠፉት፤ ወደ ገጽ 11 ጎተቱት፤ ወደ ገጽ 14 አዞሩት። ዝም አሉ። ከዚያ ገጽ 43ን ፈልገው አገኙና ረጅም ጊዜ አዩት።

«ይህ አረንጓዴ የእኔ አይደለም።»

«አይደለም፤ በዚህ ማሽን አይወጣም፤ እትዬ» አልኳቸው፤ ከላይ ያለውንም አስረዳኋቸው።

ተከራካሪ ናቸውና ቁጣ ጠብቄ ነበር። እርሳቸው ግን ቦርሳቸውን ከፍተው የዚያኑ ክር ልቃቂት አወጡ። ካታሎጉ ተጠርዞ ሲወጣ ወደ ውጭ ከሚላኩት ቅጂዎች ላይ ከሱቁ ልጆች ጋር ተቀምጠው፣ ገጽ 43 ላይ ከቀሚሱ ሥዕል አጠገብ፣ ጣት የምታህል አረንጓዴ ክር በስቴፕለር ሲያያይዙ ዋሉ።